ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን ከየት እንጀምር? መጽሐፉ፣ አጭሩ ፊልም፣ ረጅሙ ወይስ ሙዚቃው?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብላችሁ ይህን ጥያቄ አንሱማ። አንዱ "መጽሐፉን ሳታነብ ፊልሙን እንዳታይ" ይላል። ሌላው "አቦ ተወው፣ በዚህ ሙቀት ከሺህ ገጽ በላይ ማን ያነባል?" ይላል። አንዷ ደግሞ "አጭሩን ያየ ሰው ፊልሙን አየሁ እንዳይል" ብላ ትቆጣለች። ክርክሩ ሳያልቅ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ድሬ ላይ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ደግሞ ታውቃላችሁ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በፊልሙ እንዲህ የሚጣሉ ሰዎች ሙዚቃው ሲነሳ ይስማማሉ። "ፋራሚርን (ከታሪኩ ጀግኖች አንዱን) አበላሹት" የሚለውም፣ "ፊልም ነው፣ ተወው" የሚለውም የሆቢቶቹን፣ የታሪኩን ትንንሽ ሰዎች፣ ዜማ አብረው ያፏጫሉ። ስለዚህ ከየት እንደምንጀምር ስንመርጥ ሙዚቃውን ይዘን ብንመርጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለአዲስ ሰው መነሻ ይሆን ዘንድ፦ ታሪኩ ፍሮዶ የተባለ ሆቢት አንድ ክፉ ቀለበት ለማጥፋት ከጓዶቹ ጋር የሚጓዘው ጉዞ ነው። ጄ. አር. አር. ቶልኪን መጽሐፉን በሦስት ቅጽ ያሳተመው በ1954 እና በ1955 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ፒተር ጃክሰን በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ሦስት ፊልም አድርጎ አወጣው። ሙዚቃውን የሠራው ካናዳዊው ሀዋርድ ሾር ነው። ሦስተኛው ፊልም ለ11 ኦስካር ታጭቶ 11ዱንም ጠራርጎ ወሰደ። ሾር ራሱ ለአንደኛውና ለሦስተኛው ፊልም ሙዚቃ ተሸልሟል። የሁለተኛው ግን ለእጩነት እንኳ አልበቃም። ይህን ስትነግሩት ፊቱ የሚቀላ ሰው ካጋጠማችሁ የደረቀ አድናቂ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። የፊልሙን ተዋናዮች መቃወም ትችላላችሁ። "የኔ ፍሮዶ እንዲህ አይመስልም" ብላችሁ በራሳችሁ ፍሮዶ ትቀጥላላችሁ። ዜማ ግን አንዴ ከገባ አይወጣም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው፣ ዛሬ መጽሐፉን ሲከፍት ጉዱ ካሳ በማን ድምፅ ነው የሚያናግረው? በወጋየሁ ነዋ! ሾርም በቶልኪን ላይ ያደረገው ይኼንኑ ነው።

መጽሐፉን ማስቀደም

ማንበብ የምትወዱ ከሆነ መጽሐፉ ይቅደም። "መጽሐፍ ምንጊዜም ከፊልም ይበልጣል" የሚለውን ወሬ ልደግም ፈልጌ አይደለም። መጽሐፉ በዘፈን የተሞላ ስለሆነ ነው። ሆቢቶቹ እየተጓዙ ይዘፍናሉ። ገላቸውን ሲታጠቡ ይዘፍናሉ። ጀግና ሲሞት ጓደኞቹ ሙሾ ያወርዱለታል። ቶልኪን የሰጠን ግጥሙን ነው። ዜማውን የሚያወጣለት አንባቢው ራሱ ነው። እርግጥ ዶናልድ ስዋን የተባለ የዜማ ደራሲ በ1967፣ ቶልኪን በሕይወት እያለ፣ ጥቂቶቹን ግጥሞች ከዜማ ጋር አሳትሟቸዋል። ግን እሱን ፈልጎ የሚሰማ ስንቱ ነው? ፊልሙን አስቀድማችሁ ካያችሁ ያ ባዶ ቦታ ተይዟል። ሾር ወንበር ስቦ ተቀምጦበታል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በሦስተኛው ፊልም ፋራሚርን አባቱ ዴኔቶር ወደ ሞት ሲልከው ሆቢቱ ፒፒን የሚዘፍነው ዘፈን አለ። ሽማግሌው ዴኔቶር ምግቡን እየበላ፣ ልጁ ፈረሱን እየጋለበ፣ ሆቢቱ ያለ ምንም መሣሪያ ያንጎራጉራል። ዜማውን ያወጣው ፒፒንን ሆኖ የተጫወተው ቢሊ ቦይድ ራሱ ነው። ግጥሙ ግን ከመጽሐፉ ሌላ ቦታ የተወሰደ ነው። መጀመሪያው ቅጽ ላይ ሆቢቶቹ ገና ከሰፈራቸው ሳይርቁ፣ ምሽት ላይ እየተጓዙ የሚዘፍኑት የመንገድ ዘፈን ነው። እዚያ ላይ መጨረሻው እራትና አልጋ ነው። ፊልሙ ቆርጦና ቀይሮ ለቅሶ አደረገው።

መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እዚህ ቦታ ያዝናል። ያነበበ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ያዝናል። የዚያን የደስታ ጉዞ ትዝታ ይዞ ነውና የሚሰማው። "ፊልሙ መጽሐፉን ቀየረ" ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ይህን ትዕይንት ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ለውጥ ሁሉ ጥፋት እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ቅሬታው ግን መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ሆቢቶቹ ጫካ ውስጥ የሚያገኙት ዘፋኙ ቶም ቦምባዲል ከፊልሙ ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል። ሆቢቶቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሰፈራቸውን ከዘራፊዎች ነጻ የሚያወጡበት፣ ከመጨረሻው በፊት ያለው ምዕራፍም የለም። ለብዙ አንባቢ ይህ ምዕራፍ የታሪኩ መቋጠሪያ ነው፤ ጦርነት የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው እሱ ነውና። የደራሲው ልጅ ክሪስቶፈር ቶልኪን ደግሞ በ2012 ለፈረንሳዩ ለሞንድ ጋዜጣ ሲናገር፣ ፊልሞቹ መጽሐፉን ለወጣቶች የሚሆን አክሽን አድርገውታል ብሎ ተቆጥቷል። አባቱ የተዉትን ወረቀት ሲያደራጅና ሲያሳትም ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ቢቆጣ አይፈረድበትም።

የመጽሐፉ ችግር እንግሊዝኛው ነው። ከበድ ይላል፤ አጀማመሩም ዝግ ያለ ነው። እንግሊዝኛችሁ የክፍል እንግሊዝኛ ከሆነ በ1937 በወጣው በ"ዘ ሆቢት" ጀምሩ። አንድ ቅጽ ነው፣ ለልጆች ተብሎ የተጻፈ ነው፣ ቋንቋው ቀለል ይላል። ከዚያ ወደ ትልቁ ግቡ። ቦምባዲል ላይ ከደከማችሁ ደግሞ ዝለሉት። ጃክሰንም ዘሎታል።

አጭሩ ፊልም ወይስ ረጅሙ?

ሦስቱም ፊልሞች ሁለት ዓይነት ቅጂ አላቸው። በሲኒማ የታየው አጭሩ ነው፤ አጭር ከተባለ። አንደኛው 178 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 179፣ ሦስተኛው 201 ደቂቃ ነው። በኋላ የወጣው ረጅሙ ቅጂ አንደኛውን 208 ደቂቃ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ከ220፣ ሦስተኛው ከ250 ደቂቃ በላይ ይሆናል። በፍላሽ ከሰው ስትቀበሉ የትኛው እንደሆነ ስሙ ላይ ላይጻፍ ይችላል። ፋይሉን ክፈቱና ርዝመቱን እዩ። አንደኛው ፊልም ሦስት ሰዓት አካባቢ ከሆነ አጭሩ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ከሆነ ረጅሙ ነው።

የደረቁ አድናቂዎች ረጅሙን ብቻ ይመክራሉ። እኔ አልስማማም፤ በየፊልሙ ይለያያል።

አንደኛውን አጭሩን እዩ። ፍጥነቱ የተመጠነ ነው። የተጨመሩት ትዕይንቶች ደስ ይላሉ እንጂ ባይኖሩ ታሪኩ አይጎድልም። ለጀማሪ ደግሞ ሦስት ሰዓቱም ይበቃል።

ሁለተኛውን ግን ረጅሙን ያዙ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ፋራሚር ነው። በመጽሐፉ ፋራሚር ቀለበቱን መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው እንኳ እንደማያነሳው የሚናገር ጨዋ ሰው ነው። በፊልሙ ፍሮዶን አስሮ ይወስደዋል። መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች የተቃጠሉት እዚህ ጋ ነው። ረጅሙ ቅጂ ላይ ፋራሚር፣ ወንድሙ ቦሮሚርና አባታቸው የሚገናኙበት ትዝታ ተጨምሯል። አባትየው አንዱን ልጅ ሲያቅፍ ሌላውን በዓይኑ ሲገፋ ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ፋራሚር ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይገባችኋል። ቅር ቢላችሁም ቢያንስ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው አስቸጋሪ ነው። አጭሩ ቅጂ ላይ ጠንቋዩ ሳሩማን መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳይታይ ይጠፋል። ሳሩማንን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሊ ቶልኪንን በአካል ያገኘና መጽሐፉን በየዓመቱ የሚያነብ ሰው ነበር። ትዕይንቱ መቆረጡ በጣም አሳዝኖታል። ረጅሙ ላይ ግን ያ ትዕይንት አለ። በዚያ ላይ የሕመምተኞቹ ቤት አለ፣ የጠላት ቃል አቀባይ አለ። ነገር ግን ከአራት ሰዓት በላይ ነው። መብራት ሳይሄድ አራት ሰዓት ማግኘት የራሱ ዕድል ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አጭሩን እዩ፣ የሳሩማንን ትዕይንት ከረጅሙ ላይ ለብቻው ከፍታችሁ ተመልከቱት። ለሁለተኛ ጊዜ ስትመለሱ ረጅሙን።

"ፊልሙ አልቆ አላልቅ አለ" የሚለው ቀልድም ከሦስተኛው ፊልም ነው የመጣው። አለቀ ስትሉ ሌላ ይጀምራል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይኑራችሁ። የሆቢቶቹ ዜማ ከዚያ ሁሉ ጦርነት በኋላ ተመልሶ የሚመጣው በነዚህ መጨረሻዎች ውስጥ ነው። ከአኒ ሌኖክስ ዘፈንም በፊት አትዝጉት፤ እሱም የኦስካር ዘፈን ነው። ረጅሙን የምታዩ ደግሞ መጨረሻ ላይ የማያልቅ የስም ዝርዝር ሲወርድ አትደንግጡ። የአድናቂዎች ማኅበር አባላት ስም ነው። ስማቸው እየወረደ ሙዚቃው ይቀጥላል። እንደ አድናቂ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ትርጉም ወይስ ኦሪጅናል?

ይህን ጥያቄ የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልንቀውም። እናቶቻችንና ታናናሾቻችን ስንቱን የውጭ ፊልም ያዩት በትርጉም ነው። አንድ ሰው በሁሉም ገጸ ባሕርይ ድምፅ እየተናገረ፣ አንዳንዴም የራሱን ቀልድ እየጨመረ ሲተርክ ቤቱ ሁሉ ይስቃል። ታሪኩን ለመረዳት ጥሩ መንገድ ነው።

ለዚህ ፊልም ግን ዋጋ ያስከፍላል። ተራኪው ሲናገር የኋላው ድምፅ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ሞሪያ በሚባለው ዋሻ ውስጥ ሲወድቅ የቀሩት ከዋሻው ወጥተው የሚያለቅሱበትን ቦታ አስቡ። ጃክሰን የሰዎቹን ድምፅ አጥፍቶ ዝማሬውን ብቻ የተወው ሆን ብሎ ነው። እዚያ ላይ አንድ ሰው "ወይኔ ሞተ!" ብሎ ቢገባ ነገሩ አለቀ።

የኔ ምክር ይኸው ነው። ብቻችሁን ወይም ከጓደኛ ጋር ከሆነ በኦሪጅናሉ ድምፅ፣ ከስር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አድርጋችሁ እዩ። ቤተሰብ ከተሰበሰበ ትርጉሙ ይሁን። እማማ ሙዚቃው ቀነሰ ብለው አይከሷችሁም።

ሌላው የሙዚቃው ጠላት ቬንትሌተር ነው። ይህ የድሬ ሰው ብቻ የሚያውቀው ችግር ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር በሙሉ ኃይሉ ሲሽከረከር፣ የሆቢቶቹ ዋሽንት ከየት ይሰማል? ወይ ኢርፎን አድርጉ ወይ ማታ አየሩ ሲበርድ ግቢ አውጥታችሁ እዩ። ሐረር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ቀን ቀንም ማየት ትችላላችሁ። በስልክ ስፒከር ብቻ አትስሙት። የኢዘንጋርድ (የሳሩማን ምሽግ) ከበሮ በስልክ ስፒከር ቆርቆሮ ነው የሚመስለው።

ሙዚቃውን ለብቻው

ፊልሙን አይታችሁ ጨርሳችሁ ወደ ሙዚቃው የምትመለሱ ከሆነ ሁለት ዓይነት አልበም አለ። ከየፊልሙ ጋር የወጣው አጭሩ አልበም እያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በ2005፣ በ2006 እና በ2007 የወጣው ሙሉው ቅጂ ደግሞ በጠቅላላው አሥር ሲዲ ነው። እሱ ከረጅሙ ፊልም ጋር የሚሄድ ነው። ለተጨመሩት ትዕይንቶች ሾር ተጨማሪ ሙዚቃ ሠርቷልና።

ከየትኛውም በፊት ግን ምን እንደምትሰሙ እወቁ። ሾር ለየሕዝቡ፣ ለየቦታው፣ ለቀለበቱ ሳይቀር የየራሱ ዜማ ሰጥቷል። ከ80 በላይ ናቸው። ሁሉንም መያዝ አይጠበቅባችሁም። አራቱን ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል።

የመጀመሪያው የሆቢቶቹ ሰፈር የሻየር ዜማ ነው። ዋሽንትና ቫዮሊን ነው፤ ቀላል፣ የመንደር ዜማ። በኋላ ፍሮዶና ሳም በጨለማ አገር ሲንከራተቱ ያው ዜማ ቀጥኖ፣ ተሰብሮ ይመጣል።

ሁለተኛው ከቀለበቱ ጋር አብረው የሚጓዙት የዘጠኙ ጓዶች ዜማ ነው። መጀመሪያ ላይ ቁርጥራጩ ብቻ ይሰማል። ዘጠኙ አንድ ላይ ሲቆሙ ሙሉ ይሆናል። አንዱ ሲወድቅ፣ ሌላው ሲሄድ፣ ዜማውም አብሮ ይሳሳል። ይህን ያወቀ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ታሪኩን መከታተል ይችላል።

ሦስተኛው የፈረሰኞቹ አገር የሮሃን ዜማ ነው። የሚጫወተው ሃርዳንገር በሚባል የኖርዌይ ቫዮሊን ነው። የኛ ማሲንቆ በአንድ ክር ያለቅሳል። ሃርዳንገር ደግሞ ደጋኑ ከሚነካቸው ክሮች ስር ሳይነኩ የሚያስተጋቡ ሌሎች ክሮች አሉት። ለዚህ ነው ድምፁ ከሩቅ የሚጠራ ሰው ያለው የሚመስለው። ማሲንቆ ሰምቶ ያደገ ጆሮ ይህን ዜማ ቶሎ ይወደዋል።

አራተኛው ኢዘንጋርድ ነው። ብረት በብረት ሲመታ ትሰማላችሁ። ምቱ አምስት አምስት ነው። በእግራችሁ ልትከተሉት ስትሞክሩ ያደናቅፋችኋል። የፋብሪካ ማሽን እንዲመስል ታስቦ ነው።

ዝማሬው የሚዘመረው ደግሞ በአብዛኛው ቶልኪን በፈጠራቸው ቋንቋዎች ነው። ለሮሃን ጥንታዊ እንግሊዝኛ ተጠቅመዋል። ኤንያ ለአንደኛው ፊልም የዘፈነችውም ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ አላገኘም እንጂ።

ታዲያ የትኛው አልበም? ከድሬ ሐረር ሚኒባስ ለምትሳፈሩ የአንደኛው ፊልም አጭር አልበም መንገዱን ይሸፍናል። ኢርፎን ያዙ፤ ሾፌሩ የራሱን ሙዚቃ አይዘጋላችሁም። ደንገጎ ላይ መኪናው መጠምዘዝ ሲጀምርና ሙቀቱ ሲለቅ የሞሪያን ክፍል እንድትሰሙ አልመክርም፤ ገደሉ ራሱ ይበቃል። ሙሉውን ቅጂ የምመክረው ፊልሙን ሁለቴ ላየ ብቻ ነው። ትዕይንቱን የማያስታውስ ሰው ሦስተኛው ሲዲ ላይ ይተኛል።

ሌሎቹ

ቢቢሲ በ1981 በ26 ክፍል ያስተላለፈው የሬዲዮ ድራማ አለ። የራሱ ሙዚቃና የራሱ ዘፈኖች አሉት። ፍሮዶን የተጫወተው ኢያን ሆልም ነው፤ በኋላ በጃክሰን ፊልም ላይ አዛውንቱን ቢልቦ ሆነ። እጃቸው ሥራ ላይ ሆኖ ጆሯቸው ነጻ ለሆነ ሰዎች ከመጽሐፉ ቀጥሎ እሱን እመርጣለሁ። ለመጽሐፉ ዘፈኖችም ከፊልሙ ይልቅ ብዙ ቦታ ሰጥቷል።

የ1978ቱ የራልፍ ባክሺ አኒሜሽን ታሪኩን ግማሽ ላይ ይተወዋል። ለታሪክ ካልሆነ አትድከሙ። ከ2012 እስከ 2014 የወጡት የ"ዘ ሆቢት" ፊልሞች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ሦስት ቦታ ተስባ የተሠሩ ናቸው። ይህም ያስታውቃል። ሙዚቃው የሾር ነው። የድዋርፎቹን (የድንክዬዎቹን) የተራራ ዘፈን ግን ስሙት።

እንግዲህ ለየሰዉ ልከፋፍለው። አንባቢ ከሆናችሁ መጽሐፉን ጨርሱ፣ ከዚያ አንደኛውን አጭሩን፣ ሁለተኛውን ረጅሙን እዩ። የማታነቡ ከሆነ በአጭሩ አንደኛ ፊልም ጀምሩ፣ በኢርፎን። ዜማው ከያዛችሁ መጽሐፉን ራሳችሁ ትፈልጉታላችሁ። ልጆች ካሏችሁ "ዘ ሆቢት"ን ማታ ማታ እየተረጎማችሁ አንብቡላቸው፤ ዘፈኖቹን በፈለጋችሁት ዜማ አድርጉት፣ የሚቆጣጠራችሁ የለም። አንድ ቅዳሜ ብቻ ያላችሁ ደግሞ ሦስቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። አጭሮቹ እንኳ ተደምረው ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ናቸው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩንም ላፕቶፑንም ቻርጅ አድርጋችሁ አንደኛውን ክፈቱ፣ ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አቆዩት።